መናገሻ፤ የንጉሥ ደን ያለ ንጉሥ

አዲስ አበባ በተራሮች መካከል የተዘረጋች ከተማ ናት። በሰሜን እንጦጦን ተንተርሳለች፤ በደቡብ ምሥራቅ የረር፣ በደቡብ ምዕራብ ፉሪ፣ በምዕራብ ደግሞ ወጨጫ ይታያታል። የከተማችን ሰው ስለ እንጦጦ አውርቶ አይጠግብም። ወጨጫን ግን ማታ ማታ ፀሐይ የምትገባበት ጥቁር ተራራ ከመሆኑ በቀር እምብዛም ጉዳዬ አይለውም። እኔ ግን ጥቂት ዓመታት ሆነኝ፤ ልቤን የያዘው ወጨጫ ነው። ምክንያቱ አጭር ነው። ከእነዚህ ተራሮች ውስጥ የጥንት ልብሱን አውልቆ ያልጨረሰው እሱ ነው። እሱም ቢሆን መላ ሰውነቱን አልሸፈነም። ወደ አዲስ አበባ የዞረው ፊቱ ተራቁቷል፤ ልብሱ የቀረው በጀርባው፣ ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብ ምዕራብ ባዘነበለው ጎኑ ነው። መናገሻ ሱባ የምንለው ደን ይህ ነው።

ስሙ ያምታታል። በአምቦ መንገድ ላይ መናገሻ የምትባል ከተማ አለች፤ ከአጠገቧም ያንኑ ስም የያዘ ጉብ ያለ ተራራ አለ። በጥንት ዘመን ነገሥታት ዘውድ የጫኑበት ነው ይባላል፤ ስሙም ከዚያው የመጣ ነው። ደኑ ግን ከዚያ በስተደቡብ፣ ትልቁ ወጨጫ ላይ ነው ያለው። ወደ ሆለታ ሲሄድ በአውቶቡስ መስኮት ትንሹን ተራራ አይቶ «መናገሻን አየሁ» የሚል መንገደኛ ደኑን ገና አላየውም ማለት ነው።

ወጨጫ፣ ፉሪና የረር እሳት ሲተፉ ኖረው የጠፉ እሳተ ገሞራዎች ናቸው። ዕድሜያቸው ከ3 እስከ 5 ሚሊዮን ዓመት ይገመታል። የወጨጫ ጫፍ 3,385 ሜትር ያህል ከፍታ አለው፤ አዲስ አበባ መካከል ከቆመ ሰው ጭንቅላት በላይ አንድ ሺህ ሜትር ገደማ መሆኑ ነው። ከአናቱ ላይ የወረደ ውኃ በየትኛውም ጎን ቢወርድ መጨረሻው አዋሽ ነው፤ በሰሜን በኩል በሆለታ ወንዝ፣ በምሥራቅ በኩል በአቃቂ ዞሮ፣ በደቡብና በምዕራብ በየጅረቱ። ክረምት ሲገባ ከደቡብ ምዕራብ የሚነሣውን ርጥብ ነፋስ ፊት ለፊት የሚቀበለው ይኸው ደን የለበሰው ጎን ነው። እንግዲህ ታሪኩን ስንጽፍ ንጉሡንም ገበሬውንም እንጠራለን፤ ከሁሉ በፊት ግን ዝናቡ መጠራት አለበት።

ከሥር ተነሥቶ ወደ ላይ የሚወጣ ሰው በአንድ ቀን ብዙ አገር ያቋርጣል። ከ2,300 ሜትር ገደማ ጀምሮ የሚቀበለው ጥድ ነው። ግንዱ ቀጥ ያለ፣ ልጡ እንደ አሮጌ ጨርቅ በቀጭን በቀጭኑ የሚላጥ፣ ሲያረጅ ታቹ እንደ ገመድ የተጠማዘዘ ትልቅ ዛፍ ነው፤ እስከ 40 ሜትር የሚደርስ አለ። እንጨቱን ምስጥ አይደፍረውም። ከሰሜን እስከ ደቡብ የቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ተሸክሞ የኖረውም፣ የአጥር ቋሚ ሆኖ ከተከለው ሰው ዕድሜ በላይ የሚቆመውም ለዚህ ነው። ጥድ ወንድና ሴት አለው፤ ፍሬ የምትይዘው ሴቲቱ ናት። ከጥዱ ጋር ዝግባ፣ ወይራ፣ ጥቁር እንጨትና ብሳና ይገኛሉ። ከግንዱ ላይ ሽበት የመሰለ ነገር ተንጠልጥሎ ነፋስ ሲያወዛውዘው ሲያዩት ጫካው ራሱ አረጋዊ ይመስላል።

ከፍ ሲሉ ጥዱ ይሳሳና ኮሶ ይተካል። ኮሶ ላይ ትንሽ መቆም ያስፈልጋል። ዛሬ በከተማ ያደገ ልጅ ኮሶ ሲባል የሚያስታውሰው ምሬቱን ነው፤ ያውም በስድብ ካልሆነ ቀምሶት አያውቅም። ዛፉ ግን እጅግ ውብ ነው። ሴቴዋ ዛፍ በአበባዋ ጊዜ ቀላ ያለ ትልልቅ ዘለላ ታንጠለጥላለች፤ ለመድኃኒት የሚፈለገው የእርሷ አበባ ነው። ጥሬ ሥጋ ለሚወደው ደገኛ ኮሶ መጠጣት በየጊዜው የሚመለስ ግዴታ ነበር፤ ጌታውም ሎሌውም፣ ንጉሡም ሳይቀር፣ የሚጠጣበት ቀን ነበረው። አውሮፓውያን መንገደኞች ነገሩ እየገረማቸው በየመጽሐፋቸው ጽፈውታል፤ ዛፉ በሳይንስ መጠሪያው ውስጥ የአቢሲኒያን ስም ይዞ ቀርቷል። የፋብሪካ ኪኒን ከመጣ ወዲህ አበባውን የሚፈልግ ጠፋ፤ ቀይ እንጨቱን ለሣንቃና ለዕቃ የሚፈልግ ግን አልጠፋም። መድኃኒትነቱ ዛፉን ሳይጠብቀው አልቀረም እላለሁ። በየሁለት ወሩ የሚለቅሙትን ዛፍ ማን ይጥላል?

ከኮሶው በላይ ቢጫ አበባ ያለው አሜጃ፣ ቀጥሎም አስታ ይመጣል። በመጨረሻም ሣርና ድንጋይ፣ ከዚያ ነፋስ ብቻ።

የሚኖሩበት እንስሳት ደግሞ ሌላ መጽሐፍ ያስፈልጋቸዋል። ጉሬዛ ከጥዱ ጫፍ ላይ ነጭ ካባውን አንጠልጥሎ ይዘላል። ጉሬዛ ቅጠል በል ነው፤ ከዛፍ ብዙ አይወርድም፤ ስለዚህ ደኑ በተቆረጠበት ቦታ ሁሉ ከዝንጀሮና ከጦጣ ቀድሞ የሚጠፋው እሱ ነው። ዝንጀሮ ከገበሬ ማሳ ሰርቆም ይኖራል፤ ጉሬዛ ግን ሌብነት አያውቅም። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመጣው ጀርመናዊ የተፈጥሮ ተመራማሪ ሩፔል ለዓለም ሲያስተዋውቀው የራሳችንን ቃል ወስዶ ሰጠው፤ በሳይንስም ስሙ ጉሬዛ ነው። ጠቆር ያለውና ጠጉሩ ረዘም የሚለው የደጋ ድኩላ ደግሞ የምኒልክን ስም ይዟል። ስሙን ያወጣለት ኦስካር ኖይማን የሚባል ሌላ ጀርመናዊ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1902 ነው። ድኩላውን የሚያየው ማልዶ የሄደና አፉን የዘጋ ሰው ነው። ነብርም አለ ይላሉ የአካባቢው ሰዎች፤ እኔ እስከ ዛሬ ያየሁት ኮቴውን ነው፤ ለኔ እሱም በቂ ነው።

ወፎቹን ለሚወድ ሰው ወጨጫ ድግስ ነው። አረንጓዴ ለብሶ ቅርንጫፍ ለቅርንጫፍ የሚሮጥ፣ ጉንጩ ላይ ነጭ ምልክት ያለው ትልቅ ወፍ አለ፤ ክንፉን ዘርግቶ ሲበር ግን ደም የመሰለ ቀይ ድንገት ይወጣል። የዚያ ቀይ ቀለም ምሥጢር መዳብ ነው፤ ላባው ውስጥ በእውነት መዳብ አለ። ግንባሩ ቀይ የሆነው አረንጓዴ የደጋ በቀቀን፣ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጭ የማይገኘው፣ የጥድ ፍሬ ሲበላ ይታያል። በኮሶና በጥድ መካከል ተሸሽጎ ወንድና ሴት እየተቀባበሉ የሚዘምር ግራጫ ወፍም አለ፤ ድምፁን የሰማ እንጂ መልኩን ያየ ጥቂት ነው።

አሁን ወደ ታሪኩ ልመለስ።

ወጉ እንዲህ ነው። ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ይህ ተራራ ተራቁቶ ቢያዩት ከወፍ ዋሻ ደን የጥድ ዘር አስመጥተው አስዘሩበት። ወፍ ዋሻ በደብረ ሲናና በአንኮበር መካከል በገደሉ ላይ የተንጠለጠለ ደን ነው፤ ንጉሡ መቀመጫቸው ካደረጓት ከደብረ ብርሃንም ሩቅ አይደለም። ስለዚህ በካርታ ላይ ሲታይ ወጉ የሚያስኬድ ነው። በዚሁ ወግ የተነሣ መናገሻን በአፍሪካ ምናልባትም ከሁሉ የቀደመው የተከለለ ደን ነው የሚሉ አሉ፤ ለጎብኚ የሚታደለው ወረቀት ሁሉ ይህን አይረሳም።

እኔ ወጉን የማነበው ከሌላ ጎኑ ነው። ጎብኚው የሚደነቀው ንጉሡ በመትከላቸው ነው። እኔን የሚያስደንቀኝ መትከል ማስፈለጉ ነው። አንድ ንጉሥ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከሩቅ ደን ዘር አስመጥቶ ወጨጫን አለበሰ ካልን፣ ወጨጫ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ራቁቱን ነበር ማለታችን ነው። ይህ ከለመድነው ወሬ ጋር አይገጥምም። እኛ የለመድነው የዛሬ መቶ ዓመት አገሪቱ 40 በመቶ ደን ነበረች፣ ከዚያ ወዲህ በአንድ ትውልድ አለቀች የሚለውን ነው። ይህ 40 በመቶ የሚባል ቁጥር ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ፣ ከንግግር ወደ ንግግር ሲቀባበሉት የኖረ ነው። አሜሪካዊው የታሪክ ሰው ጄምስ ማካን እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተመው ጥናት ቁጥሩ በማስረጃ ያልተደገፈ መሆኑን፣ የደጋው መልክም ከዚያ እጅግ በፊት ገበሬና ከብት የቀየሩት መሆኑን ተከራክሯል። የዘርዐ ያዕቆብ ወግ ለእርሱ የሚመሰክር ይመስለኛል። ባላገሩ ያወራው ወግ ተራራው አንድ ጊዜ እንደ ተራቆተ ያስታውሳል፤ የኛ የከተማ ወሬ ግን ያንን ረስቶታል።

ማን አራቆተው ለሚለው መልስ የሚሆነኝ ያው መናገሻ የሚለው ቃል ነው። የመካከለኛው ዘመን ነገሥታት ቋሚ ከተማ አልነበራቸውም። ከተማ ማለት ሰፈር፣ ድንኳን ማለት ነበር። ንጉሡ ሲንቀሳቀስ ሠራዊቱ፣ ካህናቱ፣ ነጋዴው፣ ጠጅ ጣዩ፣ እንጀራ ጋጋሪው፣ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ አብሮ ይንቀሳቀሳል። ይህ ሁሉ ሕዝብ ለአጥር፣ ለጎጆና ለምድጃ እንጨት ይፈልጋል። አንድ ቦታ ሰፍሮ ዙሪያውን እንጨት ሲጨርስ ይነሣል። የመንግሥት መቀመጫ በየጊዜው የሚዛወርበት ምክንያት ብዙ ነው፤ ጦርነትም ግብርም አለበት፤ የእንጨት ማለቅ ግን ከዋናዎቹ አንዱ ነበር። እንግዲህ ደኑን የሚጨርሰውም መናገሻ ነው፤ ደኑም ስሙ መናገሻ ነው። ቋንቋችን አንዳንዴ እንዲህ ይቀልዳል።

ለመሆኑ ጥዱን በእርግጥ የዘራው ንጉሡ ነው? የዛፉ ጠባይ ጥቂት ይነግረናል። ጥድ ብርሃን ወዳድ ነው፤ በእናቱ ጥላ ሥር ችግኙ እምብዛም አይጸናም። ጥቅጥቅ ብሎ በአንድ ላይ ያረጀ የጥድ ደን ሲታይ፣ ቦታው በአንድ ወቅት ተገልጦ ነበር ማለት ይቻላል፤ በእሳት ይሁን በመጥረቢያ ወይም በከብት። ይህ ወጉን አይቃወመውም። ነገር ግን ባዶ መሬት ሲገኝ ጥድ ያለ ንጉሥ ትእዛዝም ይመጣል። ፍሬውን ወፍ ይውጠዋል፤ ዘሩንም ሌላ ቦታ ይጥለዋል። ችግኝ ጣቢያ የሠሩ ሰዎች እንደሚያውቁት ደግሞ የጥድ ዘር አስቸጋሪ ነው፤ ብዙው ባዶ ነው፤ የሚበቅለውም ዘግይቶ ነው። ዘሩ የመጣው ከወፍ ዋሻ ነው ይባል እንጂ፣ ከዋሻው ይልቅ የወፉ ድርሻ የሚበልጥ ይመስለኛል። ዕድሜውን ቆርጦ ማወቅም ቀላል አይደለም። የአውሮፓ ዛፍ በዓመት አንድ ቀለበት ያበጃል፤ በበልግም በክረምትም ዝናብ በሚያገኝ የኛ ደጋ ግን ጥድ በአንድ ዓመት ሁለት ቀለበት ሊያበጅ ይችላል። ቀለበት ቆጥሮ ዘመን የሚሰጥ ሰው ስለዚህ መጠንቀቅ አለበት።

ይህን ሁሉ እንተወውና ንጉሡ ዘሩት እንበል። ታዲያ ከዚያ በኋላ ማን ጠበቀው? ይህን ጥያቄ የጎብኚው ወረቀት አያነሣም። ወረቀቱ ከዘርዐ ያዕቆብ ተነሥቶ አንድ ጊዜ ዘሎ ምኒልክ ላይ ያርፋል። በመካከሉ ያለው ግን ከ400 ዓመት በላይ ነው! ዘርዐ ያዕቆብ ከሞቱ መቶ ዓመት ሳይሞላ የኢማም አሕመድ ጦርነት አገሩን አናወጠው፤ የነገሥታቱ ማዕከል ወደ ሰሜን ሸሸ፤ ኋላም ጎንደር ላይ ረጋ። ወጨጫና ዙሪያው ከ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ የኦሮሞ ሕዝብ አገር ሆነ። እስከ 19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ድረስ በዚህ ተራራ ላይ የሚያዝ ዐፄ፣ በደኑ በር የሚቆም የቤተ መንግሥት ጠባቂ አልነበረም። ደኑ ግን ነበረ።

ይህ እንዴት ሊሆን እንደቻለ ሳስብ ሁለት ነገር ይታየኛል። አንደኛው፣ የኦሮሞው አኗኗር በዚያ ዘመን በከብት ላይ የቆመ ነበር፤ ከብት አርቢ ሣርና ውኃ እንጂ እየገለጠ የሚያርሰው ገደላማ መሬት አይፈልግም። ሁለተኛው፣ ዛፍ በባህሉ ክብር አለው። በኦዳ ሥር ተሰብስቦ ሕግ የሚያወጣና የሚዳኝ ሕዝብ፣ ዛፍን እንደ ማገዶ ብቻ ያይ ነበር ማለት አይቻልም። ኦዳና ጥድ አንድ አይደሉም፤ የኦዳ ክብር ለጥድ ሁሉ ተርፏል ብዬ አልምልም። የሆነው ሆኖ ሦስት መቶ ዓመት የቆመ ደን በአጋጣሚ ብቻ ቆመ የሚለኝን አላምነውም። የአንድን ንጉሥ አንድ ትእዛዝ የሚያስታውስ ወግ፣ የዚህን ሁሉ ትውልድ ዝምታ በአንድ ዐረፍተ ነገር እንኳ አለማንሣቱ ለኔ ፍርደ ገምድልነት ነው።

ቀጥሎ ምኒልክ መጡ። በ1870ዎቹ እንጦጦ ላይ ሰፈሩ፤ በ1879 ዓ.ም. ከታች ፍልውኃው አካባቢ አዲስ አበባ ተቆረቆረች። የቀድሞዎቹን መቀመጫዎች ያስነሣው ችግር ብዙ ሳይቆይ አዲስ አበባንም ያዛት። ዙሪያዋ ተራቆተ፤ እንጨት ከሩቅ በሰው ጫንቃና በአህያ ጀርባ መምጣት ጀመረ። ለትልልቅ ቤቶች የሚሆነው የጥድ ምሰሶና ሣንቃ ከመናገሻ ወገን ይመጣ ነበር። ምኒልክ መናገሻን ከልለው ያለ ፈቃድ እንዳይቆረጥ ማስጠበቃቸው በዚህ ዘመን ነው፤ ደጉን ሥራቸውን አልክድም። ግን የከለሉት ለድኩላውና ለጉሬዛው ብለው አልነበረም። ቤተ መንግሥት እንጨት ያስፈልገው ነበር፤ ለራሱ የሚሆነውን ከሌላው እጅ ጠበቀ። ነገሩ ያለቀው በደኑ ጥቅም ከሆነ፣ እኔ በምክንያቱ አልከራከርም።

ያም አልበቃ ብሎ በ1893 ዓ.ም. ገደማ ንጉሠ ነገሥቱ መቀመጫቸውን ወደ ምዕራብ፣ ከወጨጫ ማዶ፣ ሊያዛውሩ ተነሡ። እጀሬ ላይ ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀመሩ፤ ስሟንም አዲስ ዓለም አሏት። አዲስ ዓለም መናገሻ ሆና ቢሆን ኖሮ የወጨጫ ደን ምን ይውጠው ነበር? በጉርብትና ተቃጥሎ ያልቅ ነበር ባይ ነኝ። ያዳነው ሌላ ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ ቀደም ብሎ፣ በ1887 ዓ.ም. ገደማ፣ ገብቶ ነበር፤ ብዙዎች አምጪውን የምኒልክ አማካሪ የነበረው ፈረንሳዊ ሞንዶን ቪዳዬ ነው ይላሉ። ጥድ በአንድ ትውልድ የማይደርሰውን ቁመት ባሕር ዛፍ በጥቂት ዓመት ይደርሳል፤ ሲቆርጡትም ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። መኳንንቱና የውጭ አገር መልእክተኞች ደግሞ የድንጋይ ቤት ሠርተው ስለ ነበር ከአዲስ አበባ መነሣት አልፈለጉም። አዲስ አበባ ቀረች፤ የአዲስ ዓለሙ ቤተ መንግሥትም ቤተ ክርስቲያን ሆነ፤ ዛሬም የማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው። ባሕር ዛፍን መሬት አድራቂ ነው ብለን እንደምንረግመው አውቃለሁ፤ እኔም ከሥሩ ሣር ሲጠፋ አይቻለሁ። ነገር ግን መናገሻ ሱባ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ጥድ ሥር የተቀመጠ ሰው ለባሕር ዛፍ ትንሽ ምስጋና ቢያተርፍ አይከፋም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ባጭሩ ልለፈው። የየካቲት 1967 ዓ.ም. አዋጅ የገጠር መሬትን ሁሉ የሕዝብ አደረገው፤ ደኑም የመንግሥት እንደሆነ ቀጠለ፤ በየዳርቻው ፈጥኖ የሚያድግ የውጭ ዛፍ ተተከለ። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ በመካከሉ በተፈጠረው ክፍተት በአገሪቱ ብዙ ደን ላይ መጥረቢያ ወጥቷል። ዛሬ መናገሻ ሱባን የሚያስተዳድረው የኦሮሚያ ደንና ዱር እንስሳት ድርጅት ነው። አዲስ የመጣው ጎረቤት ግን ከተማ ነው። ሰበታና ቡራዩ ድሮ ከአዲስ አበባ ወጣ ብለው የሚታዩ ትንንሽ ከተሞች ነበሩ፤ አሁን ሁለቱም በ2015 ዓ.ም. በተመሠረተው የሸገር ከተማ ውስጥ ናቸው። ወጨጫን በሁለት ወገን ይዘውታል። ተንቀሳቃሹ መናገሻ እንጨት ጨርሶ ይሄድ ነበር፤ ይህኛው ግን የሚሄድ አይደለም።

የደኑን ዳርቻ ስዞር አንድ ነገር አስተዋልሁ። ከታች የተተከለው የውጭ ዛፍ ከሜክሲኮ ወገን የመጣ ነው፤ በሰልፍ የቆመ፣ ሥሩ ጨለማና ጸጥታ የሆነ፤ ወፍ ብዙም አይጮህበትም። ገበያ ላይ የሚሸጠው አጣና ከዚህ ዓይነቱም አለበት፤ ለልደትና ለገና ቤት ውስጥ የሚቆመውም ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ሰዎች ሲገባ የፈረንጅ ጥድ አሉት። አሁን አሁን ግን «የፈረንጅ» የሚለው እየቀረ ጥድ ሲባል የሚታሰበው እሱ ሆኗል። ዘርዐ ያዕቆብ ዘሩት የተባለውን፣ ሦስት መቶ ዓመት ያለ ንጉሥ የቆመውን ዛፍ የፈለገ ሰው «የሐበሻ ጥድ» ብሎ ካልለየ ችግኝ ሻጩ የሚያነሣለት ያንን ሌላውን ነው።